ደንገል ውስጥ የቆመው ሞተር

አቶ ወልደ ጊዮርጊስን ያገኟቸው ሣር ሊያጭዱ የወጡ ሰዎች ናቸው። የጎጀብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ውሃ ባደረገበት በዚያ የነሐሴ ጠዋት፣ ጀልባቸው ደንገል ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆማ ነበር። እሳቸው ወለሏ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰባብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጋቢያቸው ደም ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ከአጠገባቸው ደግሞ ሽበት የተጣበቀበት ትልቅ የቡሎን መፍቻ ወድቋል። መፍቻው የማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገም። የጀልባዋ ነጂ የባፈና ነው።

አገሩም ፖሊስ እስኪመጣ አልጠበቀም። ኢንስፔክተር ትርንጎ ከቦንጋ ተጠርታ፣ ኮንስታብል ፈለቀን ከመኪናው ጋር ማዶ ትታ፣ ከቀዛፊው ሌላ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ታንኳ ውሃውን ስትሻገር ከመንደሩ የሚሰማው ለቅሶ ብቻ አልነበረም። የዱላ ድምፅም ነበረበት።

ባፈናን ከዋንዛ ግንድ ጋር ጠፍረውታል። ሸሚዙ ከላዩ ተቦጫጭቋል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል፤ ቀኝ እጁ ከአንጓው በታች የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተንጠልጥሏል። እጁን የሰበሩት የሟች ባለቤት እትዬ አስካለማርያም ናቸው፣ በሙቀጫ ዘነዘና። አሁንም ዘነዘናውን አልጣሉትም።

ትርንጎ አርባን የተሻገረች፣ አጭር፣ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ የማትወድ ሴት ናት። አባቷ ዋጫ ከተማ ላይ የእህል ወፍጮ ነበራቸውና ልጅነቷን ከእኩዮቿ ይልቅ ከሞተር ጋር ነው የጨረሰችው። ሞተር አይዋሽም፣ ሲያመው ያመመውን ያሳያል ትላለች፤ ስለ ሰው ግን እንዲህ ብላ አታውቅም። በዱላው መሀል ሰንጥቃ ገባችና ጀርባዋን ለባፈና፣ ፊቷን ለሕዝቡ ሰጥታ ቆመች።

«የሟች ወገን ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሀብተ ማርያም፣ የሟች ታናሽ ወንድም። ገጀራቸውን አልደበቁም። «ወንድሜ ነው። ገዳዩም ከኋላሽ ነው ያለው። ዘወር በይ ልጄ፣ ደሙ ልብስሽን እንዳያበላሸው።»

«ዘወር አልልም ጋሼ።»

«መፍቻው የሱ ነው! ያን ሞተር ከሱ በቀር የሚያስነሳው የለም! ጠዋት ሲነሳ አገር በሙሉ ሰምቷል! ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ወንድምዎን ይቅበሩ» አለች ትርንጎ። «ከቀብር እስክትመለሱ ይህን ሰው ለእኔ ተዉልኝ። ስትመለሱ ሁላችሁም ባላችሁበት ገዳዩን እነግራችኋለሁ።»

«ካልነገርሽንስ?»

ትርንጎ ሕዝቡን በዓይኗ ቆጠረች። ሽጉጧ ውስጥ ያለው ጥይት ከፊቷ ከቆመው ሰው ለሩቡ እንኳ አይበቃም፤ ይህን እሷም እነሱም ያውቃሉ።

«ካልነገርሽን» አሉ ሀብተ ማርያም የገጀራቸውን ስለት በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ «እሱን ከወንድሜ እግር ሥር እንቀብረዋለን። አንቺን አንነካሽም። አንስተን ወደ ጎን እናስቀምጥሻለን።»

ቀልድ አልነበረም። ትርንጎ ራሷን ነቀነቀችና አስከሬኑ ወደ ተጋደመበት ድንኳን ገባች። አልቆየችም። ቁስሉ ከኋላ ነው፤ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ማዶ አድርገው ተቀምጠው ሳለ ከሞተሩ በኩል ያለ ሰው ነው የመታቸው። አንዴ አልበቃውም፤ ከወደቁም በኋላ ደጋግሟል። ይህ ጥላቻ ነው አለች በሆዷ፣ ዝርፊያ እንዲህ አይደበድብም።

እትዬ አስካለማርያም ከድንኳኑ አፍ ላይ ጠበቋት።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት። ባለቤትዎ ጠዋት ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

«ቦንጋ ነዋ። ለሰርግ። ከመስቀል በኋላ ልጃችንን አብርሆትን ለዚህ…» አፋቸው ስሙን አልጠራ አለ። «ለዚህ አውሬ ልንድራት። እኔ መቼ ፈለግሁ? ኢሳያስ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሰው የሆነ፣ ከላይ ከጌሻ፣ ከደካ ማር እያወረደ የሚነግድ። እሳቸው ናቸው ‹ልጄን ለሚወዳት ነው የምሰጣት› ብለው የመለሱት። ይኸው ወደዳት!»

አብርሆት ከእናቷ ኋላ ነበረች። ጉንጯን በጥፍሯ ቧጥጣ ደም አድርጋዋለች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት ትርንጎ።

«ምን እላለሁ? መፍቻው የሱ ነው።» ወደ ዋንዛው አልዞረችም። «ጫካ ነበርኩ ይላል። ማን አየው?»

ኢሳያስን መፈለግ አላስፈለገም፤ ከአልቃሾቹ ሁሉ የሱ ድምፅ ይጎላል። መልከ መልካም ነው፤ ኮቱን በዝናብ እንኳ አያወልቅም፤ ቀኝ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎታል።

«መቼ መጣህ?»

«አሁን፣ ዋይታው ከተሰማ በኋላ። በላይኛው መንገድ፣ ከሺሺንዳ። በሬን ክፍት ትቼ ብትይ ይሻላል፤ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።»

«ውሃው ዳር ወርደህ ነበር?»

«እኔ? ውሃ እፈራለሁ ኢንስፔክተር። ያንን ጀልባ ነክቼው አላውቅም፤ ሞተር የሚባል ነገር በየት በኩል እንደሚነሳም አላውቅ።»

«እጅህን ምን ነካው?»

«ንብ። የማር ነጋዴ እጅ መቼ ጤና ያገኛል?» ብሎ ፈገግ ሊል ዳዳውና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አለው።

አስከሬኑ ተነሳ። ኢሳያስ ቃሬዛውን ከፊት ተሸከመ። ትርንጎ ሰልፉ ሲርቅ የመንደሩን ባለ ሱቅ ከሊልን በክንዱ ያዘችው።

«አንተ እዚህ ቆይልኝ።»

«እንዴ፣ እኔን ደግሞ ትጠረጥሪያለሽ?» ከሊል ክው አለ። «ወላሂ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ወዳጄ ነበሩ!»

«ሱቅህ ውስጥ ቤንዚን የምትሸጥ አንተ ነህ አሉ።»

«እሸጥ ነበር። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ወዲህ ጠብታ የለኝም። ጀልባዋም የቆመችው ለዚሁ ነው፤ ይህን ሰሞን ሰው በታንኳ ነው የሚሻገረው።»

ትርንጎ ቅል ውሃ ይዛ ወደ ዋንዛው ሄደችና ለባፈና በእጇ አጠጣችው። ጥርሱ ቅሉ ላይ ይንገጫገጭ ነበር።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ጫካ። ለቤቴ ማገር እቆርጥ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ማን ያየኛል? ጉሬዛ ነው ያየኝ።»

«ሞተሩ ሲነሳ ሰምተሃል?»

ሌላ ሰው ቢሆን አልሰማሁም ይል ነበር። ባፈና ግን እንዲህ ያለ ብልጠት አልፈጠረበትም። «ሰምቻለሁ። ከየት ቤንዚን አገኙ ብዬ ገረመኝ። አባባ ራሳቸው ናቸው ብዬ ተውኩት፤ ድሮ ይነዱት ነበር። ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ሲንተፋተፍ ሰማሁ። ተንተፋተፈ፣ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ። ከዚያ እንደገና ለማስነሳት ገመዱን ይጎትታል፣ ይጎትታል… እምቢ አለ።»

«መፍቻህስ?»

«ሁልጊዜ ጀልባዋ ሳጥን ውስጥ ነው። ማንም ያውቃል።» ከዚያ ያልታመመውን ዓይኑን ቀና አደረገ። «አብርሆት ግን… እሷም አመነች?»

ትርንጎ ልትዋሸው አልፈለገችም። «መፍቻው የሱ ነው ብላለች።»

ባፈና አንገቱን ደፋ። እስከዚያ ድረስ እጁ ሲሰበር እንኳ ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ ወጣ።

ጀልባዋን ሰዎቹ ጎትተው ዳር አውጥተዋት ነበር። ሞተሩ አሮጌ ነው፤ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ዘግቶ ሲሄድ ለአቶ ወልደ ጊዮርጊስ የተወላቸው፣ ቀለሙ የረገፈ፣ መያዣው በሽቦ የታሰረ። ዝንብ የወረረውን ደም ተሻግራ ትርንጎ ከሞተሩ ፊት ተቀመጠችና ገመዱን ጎተተች። ከባድ ነው። ጥሩ፤ ፒስተኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ደግማ ጎተተች። አልነሳም።

ከገመዱ እጀታ ላይ እጇን ስታነሳ ጣቷ ቀላ። እጀታው ላይ በግማሽ የደረቀ ደም አለ፤ ከጣት አሻራ ይልቅ የተላጠ ቆዳ የተወው ዓይነት። ሽማግሌው የወደቁት ከፊት ነው፤ ደማቸው እስከዚህ አልደረሰም።

«የባፈናን መዳፍ ታውቀዋለህ?» አለችው ከሊልን።

«እንደ ጫማ ሶል ነው! በዚያ እጅ ፍም ያነሳል።»

ካንዴላውን ፈታች። ደረቅ ነው። ከሞተሩ ብረት ላይ አስደግፋ ገመዱን ስትጎትት ሰማያዊ ፍንጣሪ ጣ አለ። እሳቱ አለ፤ ቤንዚኑ ግን ወደ ውስጥ አልደረሰም። ከሞተሩ አናት ላይ ያለውን የነዳጅ ሰርባትዮ ከፈተች፤ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ከሊል አንገቱን አስግጎ አየና አፉን ያዘ።

«ይህ ከየት መጣ? ከእኔ አይደለም!»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።»

ቤንዚኑን ከሊል ባመጣው ማሰሮ ቀስ ብላ ገለበጠችው። መጀመሪያ ጠራ ያለ፣ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ወረደ። መጨረሻ ላይ ግን ከሥሩ ወፍራም ነገር ተንሸራቶ መጣ፣ በእንክብል በእንክብል፣ ከቤንዚኑ ጋር ሳይዋሃድ። ቀጥላ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበትን የካርቡራተሩን ጽዋ በካቻቢቴ ፈታች። እዚያ ውስጥ ቤንዚን የለም። የረጋ፣ ነጭ፣ እንደ ቅቤ የተለጠፈ ነገር ነው የሞላው፤ መሀሉ ላይ የንብ እግር ተጣብቋል።

ትርንጎ በጣቷ ጫፍ ጠረገችና ቀመሰች። ቤንዚኑ ምላሷን አቃጠላት፣ ከሥሩ ግን ጣፋጭ ነው።

«ማር!» አለ ከሊል። «ወየው! ባፈና ይህን ቢያይ ይሞታል።»

«ለምን?»

«ያለ ጨርቁ ቤንዚን አይቀዳማ! የሞተሩ ማጣሪያ ተቀዶ ከወለቀ ወዲህ በአብርሆት ሻሽ እያጠለለ ነው የሚቀዳው። ሻሿን ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያስራታል፤ መንደሩ ሁሉ ይስቅበታል። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስም ያለዚያ አያስቀዱም ነበር፤ ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ ከኋላቸው ሰው ቢቀዳ አያዩም።»

ሻሿ እዚያው ታስራ ነበር። ትርንጎ አሸተተቻት። ዝናብ ያጠባት፣ ቤንዚን ከነካት የሰነበተች ሻሽ ነች።

«የዚህ መንደር ማር ምን ዓይነት ነው ከሊል?»

«ቀይ ነው፤ ቆላ አይደል? ነጩ ከላይ፣ ከጌሻ ነው የሚመጣው፣ ከጌተም ዛፍ አበባ።» ይህን ብሎ ራሱ የተናገረውን ሰማና ምላሱን ዋጠ።

የኢሳያስ በቅሎ ከአጥሩ ሥር ታስራለች። ጭነቷ አልወረደም። በአንድ ጎኗ ነጭ ማር የሞላ ጀሪካን ተንጠልጥሏል፤ በሌላው ጎን እንዲመዛዘን የታሰረ ጆንያ አለ። ትርንጎ ጆንያውን ፈትታ ውስጡን አየች፤ እጇን ሰድዳም ዳበሰችው። ከዚያ መልሳ እንደነበረ አሰረችው። ወደ ጀልባዋ ተመልሳ ማሩን ከነንብ እግሩ ቅል ውስጥ ጠርጋ አስቀመጠች፣ ካርቡራተሩን በጠለለ ቤንዚን አጥባ ከነጽዋው ገጠመች፣ የተረፈውን በሻሿ አጥልላ ሰርባትዮው ውስጥ መለሰች፣ ካንዴላውንም ገጠመች። ገመዱን ግን አልጎተተችም፤ ለቀስተኛው እየተመለሰ ነበር።

ሀብተ ማርያም መቃብር የቆፈሩበትን ዶማ ለሌላ ሰው ሰጥተው ገጀራቸውን ተቀበሉ። ከፊት ያሉት ድንጋይ ይዘዋል።

«እሺ» አሉ ሀብተ ማርያም። «ቀብረን መጥተናል።»

«ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም።»

«እንግዲያስ ቆማችሁ ስሙኝ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስን የገደላቸው ሞተሩን ይነዳ የነበረ ሰው ነው። ከኋላቸው ተቀምጦ ነበር፤ በመፍቻው ከኋላ መታቸው። እስከዚህ ከእናንተ ጋር ነኝ።»

«ታዲያ ባፈና ነዋ!» የሚል ድምፅ ተነሳና አንድ ድንጋይ ከትርንጎ ትከሻ በላይ አልፎ የባፈናን ደረት መታው። ባፈና አቃሰተ።

ትርንጎ አልዞረችም። «ገዳዩ ሽማግሌውን ትልቁ ውሃ ውስጥ ሊጥላቸው ነበር ያሰበው። ጎጀብ ይዟቸው ቢሄድ ማን ያገኛቸዋል? ነገር ግን ሞተሩ ደንገሉ ውስጥ ጠፋበት። ገመዱን መዳፉ ተልጦ እስኪደማ ጎተተ፤ እምቢ አለው። አስከሬኑን እንደተጋደመ ትቶ በደንገሉ እየተራመደ ወጣ። ሞተሩ ለምን ጠፋ? ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ ይህን ይቅመሱ።»

ከካርቡራተሩ የጠረገችውን በቅሉ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው ገጀራቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው በጣታቸው ነካ አደረጉና ላሱ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማር ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«ነጭ። የደጋ ማር።»

«ከሊል ቤንዚን የለውም። መንደሩ ውስጥ ማንም የለውም። ስለዚህ ቤንዚኑ ከውጭ መጣ፤ የመጣውም ማር በነበረበት ጀሪካን ነው። የረጋ ነጭ ማር በቀዝቃዛ ውሃ ቢያጥቡት ከሥሩ አይለቅም፤ በበቅሎ ሲናጥ ግን ከቤንዚኑ ጋር ይወርዳል። አሁን ንገሩኝ፤ ባፈና ቤንዚን ሲቀዳ በምን ያጠላል?»

ሁሉም ጀልባዋ ላይ ወዳለችው ሻሽ ዞረ። አብርሆት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ባፈና ቢሆን ኖሮ ይህ የንብ እግር ሞተሩ ውስጥ ባልገባ ነበር። የቀዳው ሻሿ ለምን እንደታሰረች የማያውቅ ሰው ነው። የዚህ መንደር ሰው አይደለም።»

«ነጭ ማር ያለው እኔ ብቻ ነኝ ልትይ ነው?» አለ ኢሳያስ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነበር የቆመው። «ሺሺንዳ ገበያ ሙሉ ነጭ ማር ነው። ማንም ይገዛል።»

«ልክ ነህ። በቅሎህ ላይ ግን አንድ ጀሪካን ብቻ ነው ያለው። ጥንዱ የት ሄደ?»

«ሺሺንዳ ሸጥኩት።»

«ሚዛኑን እንዲጠብቅ በምትኩ ድንጋይ አሰርክ።»

«ታዲያስ! ማንም ባለ በቅሎ የሚያደርገው ነው።»

«ነው። ጀሪካኑ በወረደበት ቦታ ድንጋይ ያነሳል፤ ባዶ ጎን ይዞ መንገድ አይሄድም፤ ጭነቱ ይገለበጥበታል። ከሊል፣ ጆንያውን ፍታው።»

ከሊል ጆንያውን ዘረገፈው። ሣሩ ላይ የወደቀው ክብ፣ ለስላሳ፣ ጥቁር ድንጋይ ነው። አንድ ጎኑ ላይ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፣ ሽበቱም ገና እርጥብ ነው።

«ሺሺንዳ ወንዝ ዳር ነው እንዴ ያለችው?» አለች ትርንጎ። «ይህ የጎጀብ ድንጋይ ነው። ጀሪካኑ የወረደው እዚህ ነው፣ ከመሻገሪያው፣ ዛሬ ጠዋት። መዳፍህን ፍታና አሳየን። የንብ ንድፊያ ያብጣል እንጂ ቆዳ አይልጥም።»

የኢሳያስ ቆሌ ተገፈፈ። መዳፉን አልፈታም፤ ከጀርባው ደበቀው። ዓይኖቹ ከሰው ወደ ሰው ተቅበዘበዙና እትዬ አስካለማርያም ላይ አረፉ፣ እሳቸው እንደሚያድኑት ሁሉ።

«ቤንዚን አምጣልኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው! ሰጥቻቸው ሄድኩ እንጂ…»

«ዛሬ ጠዋት?» አለች አብርሆት። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። «ከዋይታው በኋላ መጣሁ አላልክም? አባቴን በሕይወት እያሉ አግኝተሃቸዋል?»

«አባትሽ ለዚህ ጀልባ ገፊ ሰጠሽ!» ብሎ ኢሳያስ ጮኸና የሀብተ ማርያምን ገጀራ ከብብታቸው መንጭቆ ወደ ታሰረው ባፈና ዘለለ።

ትርንጎ ከመሀል ገባች። ገጀራው የግራ ክንዷን ሸርክቶ ዋንዛው ውስጥ ተሰካ፣ ከባፈና ጆሮ ስንዝር ሳይርቅ። ኢሳያስ ሊነቅለው ሲታገል ሽጉጧን አወጣችና በሰደፉ አፍንጫውን መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛውን ስትደግመው ተንበረከከ።

ከዚያ ሕዝቡ መጣ። ለባፈና የተለቀመው ድንጋይ አልባከነም፤ አሁን በኢሳያስ ላይ ዘነበ። እትዬ አስካለማርያም ዘነዘናውን ከፍ አድርገው ከሁሉ ፊት ናቸው። ትርንጎ ወደ ሰማይ ተኮሰች። አንድ እርምጃ አፈገፈጉ፤ ከአንድ እርምጃ ግን አላለፉም።

ገጀራውን ከግንዱ ነቅላ የባፈናን ገመድ ቆረጠች። «ሞተሩን ታስነሳዋለህ?»

«እጄን አያዩትም?»

«ግራህ አለ።»

ባፈና መሬት ላይ ደም የሚተፋውን ኢሳያስን ቁልቁል አየ። «ለነሱ ይተዉት። ይሙት።»

«ዛሬ እዚህ ከሞተ ነገ ‹ኢንስፔክተሯ ተሳስታ ነበር› የሚል አይጠፋም። ያን ጊዜ ነጻ ነህ የሚልህ አፍ አይኖርም። ይህ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ በገዛ አፉ መናገር አለበት፣ ባፈና! ለራስህ ስትል!»

ባፈና ሌላ ቃል አልጨመረም። እያነከሰ ወደ ጀልባዋ ሄደ። ትርንጎ ኢሳያስን በኮቱ ኮሌታ ጎትታ በደም የረጠበው ወለል ላይ ጣለችው፤ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ከተደፉበት ላይ። ጀልባዋን በትከሻዋ ገፍታ ዘላ ገባች። ድንጋይ በጀልባዋ ጎን ላይ ጧ፣ ጧ ይላል። አንዱ የባፈናን ጀርባ አገኘው። ሀብተ ማርያም እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው የጀልባዋን ጠርዝ ያዙ።

ባፈና በግራ እጁ ገመዱን ጎተተ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። ጥርሱን ነክሶ፣ በሙሉ ሰውነቱ ወደ ኋላ ወድቆ እንደገና ጎተተው። ሞተሩ አጓራ። የሀብተ ማርያም ጣቶች ተላቀቁና ዳሩ መራቅ ጀመረ።

መሀል ውሃው ላይ ኢሳያስ በተሰበረ አፍንጫው ደም እየተንፎለፎለ «አዳንከኝ» አለ።

«አላዳንኩህም» አለ ባፈና ፊቱን ሳያዞር። «ሸክም ነህ። እያሻገርኩህ ነው።»

ማዶ ፈለቀ ካቴና ይዞ ጠበቃቸው። ኢሳያስን ከመኪናው ኋላ ከተቱት። ትርንጎ የተሸረከተ ክንዷን በመሀረብ አሰረችና ባፈናን ከፊት ወንበር ደግፋ አስቀመጠችው፤ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ያን ጊዜ ከዚያኛው ዳር ጥሪ ተሰማ። ሀብተ ማርያም ናቸው፤ ድምፃቸው ውሃው ላይ እየሰፋ ይመጣል።

«ባፈና! ልጄ! ተመለስ! እንክስሃለን! ተመለስ፣ ልጃችን ነህ!»

ባፈና አልተንቀሳቀሰም። ሰዎቹ ከዳሩ ተደርድረው ይታያሉ፣ ያው እነዚያው ሰዎች፣ ያው ልብሳቸውን እንደለበሱ። ከመሀላቸው አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወጥታ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታለች። እሷ ስሙን ብቻ ነው የምትጠራው። ሌላ ነገር አትጨምርም።

«ይጠሩሃል» አለችው ትርንጎ።

«እሰማለሁ።»

«ትመለሳለህ?»

«እዚያ?» ባፈና ሊስቅ ሞከረና የተሰነጠቀ ከንፈሩ አላስችል አለው። «ከአባባ ጋር ሆኜ የሁሉንም እህል በዚህ ጀልባ አመላልሻለሁ። ልጆቻቸውን ለምጥ አሻግሬያለሁ። አንድ ሰው እንኳ ‹ባፈና እንዲህ አያደርግም› አላለም። አንድ ሰው፣ ኢንስፔክተር። እዚያ ቤት አልሠራም።»

ትርንጎ እውነቱን እንደሆነ አወቀች። ለፈለቀ መኪናውን እንዲያስነሳ ልትነግረው ዞረች።

ከወዲያ ማዶ አብርሆት ውሃው ደረቷ ደርሶ ነበር። የሚይዛት ሰው ሁሉ ከዳር ቆሞ ያያታል። አሁንም ትጠራለች።

ባፈና ባልታመመው ዓይኑ ወደ ውሃው አየ።

«እሷን ብቻ» አለ። «እሷን ብቻ ያምጡልኝ።»

ትርንጎ ወደ ጀልባዋ ወረደችና የሞተሩን ገመድ ጨበጠች።